የገባው ቱቦ እስኪወጣ
በሕፃናት የሽንት መስመር ቀዶ ሕክምና ስለሚያገለግለው ስቴንት ታሪክ

የሕክምና ታሪክ ብዙውን ጊዜ የሚጻፈው ሐኪሙ ምን እንደከፈተ፣ ምን እንደቆረጠና ምን እንዳስገባ በመዘርዘር ነው። ያስገባውን መቼና እንዴት እንዳወጣው ግን እምብዛም አይነገርም። በዚህ ጽሑፍ የምንመለከተው ይህንኑ የተዘነጋ የታሪክ ክፍል ነው። ጉዳዩም የሽንት መስመር ቀዶ ሕክምና በተደረገላቸው ሕፃናት አካል ውስጥ ለጥቂት ሳምንታት የሚቆየውን፣ ስቴንት የተባለውን ቀጭን ቱቦ ይመለከታል። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

በመጀመሪያ የአካሉን አሠራር እናስታውስ። ኩላሊቶች ደምን አጣርተው የሚያስወግዱት ሽንት ዩሬተር በሚባሉ ሁለት ቀጫጭን ቧንቧዎች አማካይነት ወደ ፊኛ ይወርዳል። አንዳንድ ሕፃናት ኩላሊቱና ዩሬተሩ የሚገናኙበት ቦታ ጠቦ ይወለዳሉ። በዚህም የተነሣ ሽንቱ እየተጠራቀመ ኩላሊቱን ይወጥረዋል፤ ውሎ አድሮም ይጎዳዋል። በ1949 አንደርሰንና ሃይንስ የተባሉ ሁለት እንግሊዛውያን ቀዶ ሐኪሞች ጠባቡን ክፍል ቆርጦ በማውጣት ጤነኛውን ከጤነኛው ጋር የመስፋትን ዘዴ ገለጹ። ዘዴው እስከ ዛሬ ይሠራበታል። ይሁን እንጂ ስፌቱ እስኪድን ድረስ የሽንቱ መውረጃ ክፍት ሆኖ መቆየት አለበት። ስቴንቱ የሚገባው ለዚህ ነው።

እዚህ ደረጃ ለመድረስ በቅድሚያ የፊኛን ውስጥ ማየት ያስፈልግ ነበር። በ1806 ገደማ ፊሊፕ ቦዚኒ የተባለ የፍራንክፈርት ሐኪም የሻማ ብርሃን በመስተዋት አማካይነት ወደ ሰውነት ውስጥ የሚያስገባ መሣሪያ ሠራ። በቪዬና የነበሩት የሕክምና ሊቃውንት መሣሪያውን አልተቀበሉትም፤ ቦዚኒም ብዙ ሳይቆይ በ1809 ሞተ። ከእርሱ በኋላ በ1853 ዴዞርሞ የተባለው ፈረንሳዊ ሻማውን በአልኮልና በተርፔንታይን ድብልቅ በሚነድ ፋኖስ ተካው። ጀርመናዊው ማክስ ኒትሰ ደግሞ መብራቱን ወደ መሣሪያው ጫፍ በማዛወርና ምስል የሚያጎሉ ሌንሶችን በመጨመር በ1879 ቪዬና ላይ ሲስቶስኮፕን፣ ማለትም የፊኛ መመልከቻን፣ በይፋ አሳየ። በ1897 በኩባ ተወልዶ በፓሪስ ይሠራ የነበረው ሆአኪን አልባራን በመሣሪያው ጫፍ ላይ አነስተኛ መቆጣጠሪያ ጨመረበት። በዚህም ቀጭን ቱቦን አቅጣጫ እያስያዙ ከፊኛው ወደ ዩሬተሩ ማስገባት ቀለለ።

በዚያ ዘመን የነበሩት ቱቦዎች አንደኛው ጫፋቸው ከሰውነት ውጭ ይቀር ነበር። ይህ ለሕመምተኛው የሚያስቸግርና ለኢንፌክሽንም በር የሚከፍት ነበር። ነገር ግን አንድ ጥቅም ነበረው፤ ይኸውም ቱቦው ሁልጊዜ ስለሚታይ ሐኪሙም፣ ነርሷም፣ ሕመምተኛውም ሊረሱት አለመቻላቸው ነው።

ትልቁ ለውጥ የመጣው በ20ኛው ክፍለ ዘመን ሁለተኛ አጋማሽ ነው። በ1967 አሜሪካዊው ዚምስኪንድና የሥራ ባልደረቦቹ ሙሉ በሙሉ በሰውነት ውስጥ ተደብቆ የሚቆይ የሲሊኮን ቱቦ መጠቀማቸውን አስታወቁ። ቱቦው ግን ከቦታው እየተንሸራተተ ያስቸግር ነበር። በ1978 ሮይ ፊኒ ሁለቱም ጫፎቹ እንደ መንጠቆ የተጠመዘዙ ስቴንት አቀረበ። የላይኛው ጥምዝ በኩላሊቱ፣ የታችኛው በፊኛው ውስጥ ስለሚቀመጥ ቱቦው ወደ ላይም ወደ ታችም አይንሸራተትም። ቅርጹ ጄ የተባለውን የላቲን ፊደል ስለሚመስል ድርብ ጄ የሚል ስም ወጣለት።

ፊኒ የመንሸራተትን ችግር ፈታ። ሆኖም ቱቦው ፈጽሞ የማይታይ በመሆኑ ሌላ ችግር ተከተለ። ሕፃኑ ቁስሉ ድኖ፣ ተሽሎት፣ ሮጦ ሲጫወት ወላጆቹ ሕክምናው ያለቀ ይመስላቸዋል። ቱቦው ግን ገና በውስጡ ነው። በሽንት ውስጥ የሚገኙት ጨዎች ቀስ በቀስ በቱቦው ላይ እየተጋገሩ ወደ ጠጠርነት ይለወጣሉ። በ1991 የታተመ አንድ የሳዑዲ ዓረቢያ ጥናት በኩላሊት ጠጠር ሕመምተኞች ላይ የነበሩ ስቴንቶችን መርምሮ ነበር። ከ6 ሳምንት በፊት ከወጡት መካከል ጨው የተጋገረባቸው 9.2 በመቶ ሲሆኑ፣ ከ6 እስከ 12 ሳምንት በቆዩት ላይ 47.5 በመቶ፣ ከዚያ በላይ በቆዩት ላይ ደግሞ 76.3 በመቶ ደርሰዋል። ጠጠር ያለበት ሰው ሽንት ለዚህ ይበልጥ የተጋለጠ ቢሆንም የቁጥሩ አካሄድ ግልጽ ነው። በጊዜው ቢሆን በጥቂት ደቂቃ ሊወጣ ይችል የነበረው ቱቦ ሲረሳ ሌላ ከባድ ቀዶ ሕክምና ይጠይቃል፤ ኩላሊቱንም እስከ ማጥፋት ሊደርስ ይችላል። አባቶቻችን «ሳይደርቅ በርጥቡ፣ ሳይርቅ በቅርቡ» ያሉት ለዚህ ጉዳይ የተነገረ ይመስላል።

በሕፃናት ላይ ደግሞ ተጨማሪ ችግር አለ። አዋቂ ሰው በቦታው ማደንዘዣ ብቻ ተደርጎለት፣ ነቅቶ ሳለ ስቴንቱ ሊወጣለት ይችላል። ሕፃን ግን ፈርቶ ስለሚንቀሳቀስ አብዛኛውን ጊዜ ሙሉ ማደንዘዣ ይሰጠዋል። እንግዲህ ለጥቂት ደቂቃ ሥራ የቀዶ ሕክምና ክፍል፣ የማደንዘዣ ባለሙያና ለሕፃን የሚሆን ቀጭን ሲስቶስኮፕ ያስፈልጋሉ ማለት ነው። እንዲህ ያለው ቀጭን መሣሪያ ጥርት ያለ ምስል እንዲያሳይ ያስቻለው እንግሊዛዊው የፊዚክስ ሊቅ ሃሮልድ ሆፕኪንስ በ1959 ያቀረበው የመስታወት ዘንግ ሌንስ ነው።

ይህን ሸክም ለማቃለል ሁለት መንገዶች ተቀይሰዋል። አንደኛው በስቴንቱ ጫፍ ላይ ቀጭን ክር አስሮ በሽንት መውጫው በኩል ወደ ውጭ ማስቀረት ነው፤ ቀኑ ሲደርስ ነርስ ወይም ሐኪም ክሩን ስቦ ያወጣዋል። ችግሩ ሕፃኑ ራሱ ያለ ጊዜው ሊስበው መቻሉ ነው። ሁለተኛው በስቴንቱ ጫፍ ላይ ማግኔት ማድረግ ነው። ይህ አሠራር በ1989 በሕክምና መጽሔት የተገለጸ ሲሆን፣ ማግኔት ያለበት ቀጭን ቱቦ ወደ ፊኛ ገብቶ ስቴንቱን ስቦ ያወጣዋል። በሁለቱም መንገዶች ሲስቶስኮፕ አያስፈልግም።

በአገራችን ታሪክም ለዚህ ትምህርት የሚሆን ምሳሌ እናገኛለን። ዶክተር ሬጂናልድና ዶክተር ካትሪን ሃምሊን በ1959 ወደ አዲስ አበባ መጥተው በልዕልት ፀሐይ መታሰቢያ ሆስፒታል ሥራ ጀመሩ፤ በ1974ም የፊስቱላ ሆስፒታልን አቋቋሙ። በፊስቱላ ቀዶ ሕክምና ቀዳዳው ለዩሬተሮቹ አፍ በሚቀርብበት ጊዜ እነርሱን ከጉዳት ለመጠበቅ ቀጫጭን ቱቦዎች ይገቡባቸዋል። ጫፎቻቸው ወደ ውጭ ስለሚወጡ ከቀናት በኋላ ያለ ሌላ ማደንዘዣ በአልጋ ላይ ይነቀላሉ። ፊኛው እንዲያርፍ የሚገባው ቱቦም በልማዱ ሁለት ሳምንት ገደማ ይቆያል፤ ሕመምተኛዋም በዚህ ጊዜ በሆስፒታሉ ትቆያለች። ከሩቅ ገጠር የመጣችን ሴት ቱቦ ይዛ ሂጂና ተመለሺ ማለት እንደማይገባ አሠራሩ ራሱ ያስተምራል።

አሁን ይህን ታሪክ ይዘን በኬንያዋ ሞያሌ ወደምትገኘው ቦሪ እንሻገር። ሞያሌ በድንበሩ ግራና ቀኝ ሆስፒታል አላት። ይሁን እንጂ የሕፃናትን የሽንት መስመር የሚቀዱ ስፔሻሊስቶች የሚገኙት በአብዛኛው በትልልቅ ከተሞች ነው። ከሞያሌ ወደ አዲስ አበባም ሆነ ወደ ናይሮቢ ከ750 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ከኢሲኦሎ ሞያሌ ያለው 500 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ በ2010ዎቹ በአስፋልት ከተሠራ ወዲህ ጉዞው ቢያጥርም፣ የትራንስፖርቱ ወጪ፣ የማደሪያውና የምግቡ አልቀረም። ለቀዶ ሕክምናው ከብት ሸጦ የሄደ አርብቶ አደር፣ ልጁ ድኖ እየተጫወተ ሳለ ለሁለተኛ ጊዜ ከብት ሽጥ ቢባል ቢያመነታ ልንፈርድበት አይገባም። በዚያ ላይ ድርቅ ከሆነ ቤተሰቡ ውኃና ሣር ፍለጋ ርቆ ሊሄድ ይችላል። የቀጠሮው ወረቀት በእንግሊዝኛ ተጽፎ፣ ቤቱ የሚነገረው የቦረና ኦሮምኛ ከሆነ ደግሞ ቀኑን የሚያነብለት ሰው ይፈልጋል።

እንግዲህ ስቴንት የሚረሳው በወላጅ ቸልተኝነት ብቻ ነው ማለት ትክክል አይደለም። ሁለተኛው ጉዞ ከመጀመሪያው ጋር አብሮ ሳይታቀድ ሲቀር ነው። በብዙ አገሮች ሆስፒታሎች የገባውን እያንዳንዱን ስቴንት ከሚወጣበት ቀን ጋር የሚመዘግቡት፣ በኋላም በኮምፒዩተር የሚከታተሉት ይህን ስለተገነዘቡ ነው። ከሩቅ ለሚመጣ ሕፃን ክር ያለውን ስቴንት መምረጥ፣ ወይም ቱቦው እስኪወጣ በከተማው የሚቆይበትን ማመቻቸት፣ ከቀዶ ሕክምናው በፊት ሊመከርበት የሚገባ ጉዳይ ነው።

መምህራንም ድርሻ አለን። ከሕክምና ተመልሶ ወደ ክፍል የገባ ልጅ ስቴንት ካለው ቶሎ ቶሎ ሽንቱ ሊመጣበት፣ ጎኑንም ሊያመው ይችላል፤ ሽንቱም ደም ሊቀላቅል ይችላል። ለመውጣት ሲጠይቅ መከልከል አይገባም። ትኩሳት ከያዘው ሳይውል ሳያድር ወደ ጤና ድርጅት መሄድ አለበት። ከሁሉም በላይ ወረቀቱን አንብበን «ቱቦው የሚወጣው መቼ ነው?» ብለን ወላጁን እንጠይቅ፤ ቀኑንም በስም መጥሪያው መዝገብ ላይ እንጻፈው። ትምህርት ቤት ዕለት ዕለት የልጆችን ስም የሚጠራ ተቋም ነው። በሆስፒታሉ መዝገብ የተረሳውን ልጅ እኛ ልናስታውሰው እንችላለን።