ከቀዶ ጥገናው በኋላ ያለው ሥራ

የሀብሩ ገበሬ ሞፈርና ቀንበሩን ተሸክሞ የሚወጣው፣ ማሽላውንም የሚያጭደው በትከሻው ብርታት ነው። በትከሻው መገጣጠሚያ የሚያልፈው የባይሴፕስ ጅማት በተጎዳ ጊዜ ሐኪም ከላይኛው የክንድ አጥንት ጋር መልሶ ሊያያይዘው ይችላል። ይሁን እንጂ ቀዶ ጥገናው የሕክምናው መጀመሪያ እንጂ ፍጻሜው አይደለም።

ይህ እውነት በአገራችን ጎልቶ የታየው በሥጋ ደዌ ሕክምና ነው። በሽታው ነርቭን ሲጎዳ ጣቶች ተቆልምመው ይቀራሉ። ዶክተር ፖል ብራንድ እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ መጨረሻ፣ በሕንድ አገር በቬሎር፣ የደኅና ጡንቻን ጅማት ወደ ሽባው ጣት ማዛወር ጀመሩ። የተዛወረው ጅማት አዲሱን ተግባሩን ካልተማረ ግን እጁ አይሠራም፤ ስለዚህም ፊዚዮቴራፒስቱ ከቀዶ ሐኪሙ ባላነሰ አስፈላጊ ሆነ። እርሳቸው ከጠንሳሾቹ አንዱ የሆኑበት አለርት በ1958 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ሲቋቋም፣ ከስሙ ጀምሮ ሕክምናን፣ ተሐድሶንና ሥልጠናን አጣምሮ ተነሣ። በወሎም ከደሴ አጠገብ የሚገኘው የቦሩ ሜዳ ሆስፒታል ለብዙ ዓመታት የሥጋ ደዌ ሕሙማን መታከሚያ ነበር።

ትከሻን በተመለከተ፣ አሜሪካዊው ዶክተር ኧርነስት ኮድማን እ.ኤ.አ. በ1934 ባሳተሙት መጽሐፍ ቀላል ዘዴ አቅርበዋል። ታካሚው ጎንበስ ብሎ ክንዱን እንደ ፔንዱለም ያንጠለጥላል፤ የመሬት ስበት መገጣጠሚያውን ሲያፍታታ ጡንቻው ያርፋል።

ለመሐንዲስ ነገሩ እንግዳ አይደለም። የኮንክሪት ጥንካሬ የሚመዘነው በ28ኛው ቀን ነው፤ ድጋፉ ያለጊዜው ከተነሣ ጣሪያው ይሰነጠቃል። ለጅማትም በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ሸክሙን የሚይዝለት ክሩ ወይም ብሎኑ ነው። እንደ ቀዶ ጥገናው ዓይነት ቢለያይም፣ ክንዱ ከ4 እስከ 6 ሳምንት በማንጠልጠያ ይደገፋል፤ ጨርሶ እንዳይደርቅም በሌላው እጅ እየታገዘ ይንቀሳቀሳል። ቀጥሎ በራሱ ኃይል ይሠራል፤ ከባድ ሸክም ግን እስከ 12ኛው ሳምንት ገደማ ይከለከላል።

ችግሩ ዝናብ 12 ሳምንት አለመጠበቁ ነው። በ2013 ዓ.ም. ማብቂያና በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ በነበረው ጦርነት የሰሜን ወሎ የጤና ተቋማት ተዘርፈዋል፤ የጠፋው መሣሪያ በገንዘብ ይተካል። የኮድማን ዘዴ ግን መሣሪያም መብራትም አይሻም። የሚሻው ከወልዲያም ሆነ ከደሴ ታክሞ የተመለሰውን ሰው እዚያው መርሳ ላይ የሚከታተል፣ «ዛሬ ክንድህን አንቀሳቅስ፤ ቀንበሩን ግን ገና አትንካ» የሚል የሠለጠነ ባለሙያ ነው። የአለርት ታሪክ የሚያስተምረውም ይህንኑ ነው፤ ቀዶ ሐኪም ሲታሰብ ተከታዩ ባለሙያም አብሮ ይታሰብ።