የአንታይዮስ እግሮች

«ሥራ ያጣ መነኩሴ ቆቡን ቀዶ ይሰፋል» ይላሉ አበው። ተረቱ በሥራ ፈት ለመሳቅ የተነገረ ነው። ዳሩ ግን ደጋግሞ ለመረመረው ሌላ ምሥጢርም አያጣም፤ መነኩሴው መርፌውን ያነሣው እጅ ባዶ ሲሆን ልብም ባዶ እንደሚሆን ስለሚያውቅ ይሆናል። ይህንኑ እውነት ከመቶ ዓመት በፊት አንድ የስኮትላንድ ሐኪም የፈውስ መንገድ አድርጎት ነበር። ከታካሚዎቹም አንዱ ባለቅኔ ነበረ።

ዘመኑ እ.ኤ.አ. 1917 ነው። በአንደኛው የዓለም ጦርነት መንፈሳቸው የታወከ የብሪታንያ መኮንኖች ኤድንብራ ወደሚገኘው ክሬግሎክሃርት ሆስፒታል ይላኩ ነበር። ሌሊት በቅዠት የሚጮኹ፣ አንደበታቸው የተሳሰረ፣ ቀን ቀን ፈዝዘው የሚውሉ ሰዎች ነበሩ። ሕመሙን የዘመኑ ሰው «የመድፍ ድንጋጤ» ይለዋል። ዛሬ ድባቴ ከምንለው ጋር አንድ ባይሆንም ጎረቤቱ ነው፤ ሁለቱም ሰውን ከዕለት ኑሮው ይነጥላሉና። የ24 ዓመቱ ምክትል መቶ አለቃ ዊልፍሬድ ኦወን በዚያው ዓመት ሰኔ ወር እዚያ ደረሰ።

ሐኪሙ አርተር ብሮክ ይባላል። የጥንቱን ሐኪም የጋሌንን መጽሐፍ ከግሪክኛ ወደ እንግሊዝኛ የመለሰ ሊቅ ነው። ሕክምናውንም «ሥራ» ከሚለው የግሪክ ቃል ወስዶ ኤርጎቴራፒ ይለው ነበር። በእርሱ ዘንድ ሕመምተኛው ከአካባቢው፣ ከሰውና ከሥራው የተቆረጠ ነው፤ የሚድነውም የተቆረጠውን በገዛ እጁ ሲቀጥል ነው። ለምሳሌ የመረጠው አንታይዮስን ነበር። አንታይዮስ እግሩ እናቱን ምድርን እስከነካ ድረስ የማይሸነፍ ታጋይ ነው፤ ሄራክልስ ግን ከምድር አንሥቶ በአየር ላይ አንቆ ገደለው።

ብሮክ ኦወንን በአንታይዮስ ላይ ግጥም እንዲጽፍ አዘዘው። ኦወን ስለ ዕፅዋት ንግግር አደረገ፤ በከተማው ትምህርት ቤት ልጆችን አስተማረ፤ «ዘ ሃይድራ» የተባለውን የሆስፒታሉን መጽሔትም አዘጋጀ። በነሐሴ ወር ደግሞ እዚያው ይታከም ከነበረው ባለቅኔ ከሲግፍሪድ ሳሱን ጋር ተዋወቀ። እስከ ዛሬ የሚነበቡለትን የጦርነት ግጥሞች መጻፍ የጀመረው በእነዚያ ወራት ነው።

በዚሁ በ1917፣ በመጋቢት ወር፣ በኒው ዮርክ ግዛት ክሊፍተን ስፕሪንግስ በተባለች ከተማ ጥቂት ሰዎች ተሰብስበው የኦኩፔሽናል ቴራፒን ማኅበር መሠረቱ። ከመሥራቾቹ አንዱ ጆርጅ ባርተን ራሱ በበሽታ የተጎዳ የሕንፃ ንድፍ ባለሙያ ነበረ።

የዛሬው ባለሙያ ድባቴ የያዘውን ሰው «አይዞህ፣ በርታ» ብሎ አያሰናብተውም። በፊት ምን ትወድ ነበር? ዛሬ ምን አቃተህ? ብሎ ይጠይቀዋል። ከዚያም የከበደውን ሥራ ይሸነሽንለታል፤ ዛሬ ከአልጋ ተነሥቶ ፊትን መታጠብ፣ ነገ ቡና ማፍላት፣ ከሰነበተም ጎረቤት መጠየቅ። ድባቴ ፍላጎትን ስለሚሰርቅ ፍላጎት እስኪመጣ የሚጠብቅ ብዙ ይጠብቃል፤ ብዙ ጊዜ ሥራው ይቀድማል፣ ፍላጎቱ ይከተላል። ይህም መድኃኒትንና የምክር ሕክምናን የሚያግዝ እንጂ የሚተካ አይደለም።

ውድ አንባቢ፣ የኦወን ታሪክ ግን እዚህ ላይ አያበቃም። ከሕመሙ አገገመ፤ ስላገገመም በ1918 ወደ ጦር ግንባር ተመለሰ። እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 4 ቀን፣ ጦርነቱ ሊያበቃ አንድ ሳምንት ሲቀረው፣ በሰሜን ፈረንሳይ በአንድ ቦይ ዳር ተገደለ። ሐኪሙ እግሩን ምድር አስነካው፤ ጦርነቱ መልሶ ከምድር ነጠቀው።

ስለዚህ «ሥራ ይፈውሳል» በሚለው ላይ አንድ ጥያቄ መጨመር ይገባል፤ የምን ሥራ? ለማንስ? ቀኑን ሙሉ በባንክ መስኮት የሰው ገንዘብ ለምቆጥርና ማታ ስንኝ ለምቋጥር ለእኔ ጥያቄው ሩቅ አይደለም። ኦወን ሁለቱንም ዓይነት ሥራ አይቷል፤ አንደኛው ከራሱ ጋር አስታረቀው፣ ሁለተኛው ሕይወቱን ጠየቀው። ለእኛ የተረፉን በመጀመሪያው ጊዜ የጻፋቸው ጥቂት ወረቀቶች ናቸው።