የወይራ የእሳት እራት

የወይራ የእሳት እራት (በሳይንሳዊ ስሟ ፕራይስ ኦሌኤ) በሜዲትራኒያን ባሕር ዙሪያ ባሉ አገሮች የወይራ ተክልን የምታጠቃ ተባይ ናት። ለሳይንስ የተዋወቀችው እ.ኤ.አ. በ1788 ነው። ክንፎቿ ብርማ ግራጫ ሆነው ጥቋቁር ነጠብጣብ አለባቸው፤ ሲዘረጉ ወደ 14 ሚሊ ሜትር ይሆናሉ። የምትበላው ዛፍ ለእኛም እንግዳ አይደለም፤ የወተት ዕቃ የምናጥንበት የዱር ወይራ የዚያው ዛፍ ንዑስ ዝርያ ነው።

ጉዳት የምታደርሰው በእጭነቷ ነው። በዓመት ሦስት ትውልድ ታፈራለች፤ የሦስቱም መብል ይለያያል። በመስከረምና በጥቅምት ከተጣለ እንቁላል የሚፈለፈለው እጭ ቅጠል ሰርስሮ ይገባና እንደ ክር የቀጠነ ጠመዝማዛ መንገድ እየቦረቦረ የብርዱን ወራት ያሳልፋል። ሲጠነክር ወጥቶ ለጋ ቡቃያ ይቀጥፋል።

ሁለተኛው ትውልድ የአበባ ነው። እጩ ያልፈካውን እንቡጥ በስቶ ብናኝ ያዘለውን የአበባውን ክፍል ይበላል፤ ቀጥሎ አበቦቹን በድር ያያይዛቸዋል። የጠወለገ የአበባ ቅጠልና ኩስ የተንጠለጠለበት ይህ ድር ሲያዩት ያስደነግጣል እንጂ ጉዳቱ የሚታየውን ያህል አይደለም። ከወይራ አበባ ፍሬ የሚሆነው ከመቶ ጥቂቱ ብቻ ስለሆነ፣ አበባው በበዛበት ዓመት ዛፉ ኪሳራውን በቀላሉ ይችለዋል።

ገበሬውን የሚያከስረው ሦስተኛው ነው። በሰኔ ገደማ እንቁላሏን ገና በተቋጠረው ፍሬ አናት፣ ከዘንጉ ሥር ባለው አረንጓዴ ክፈፍ ላይ ትጥላለች። እጩ የውስጡ አጥንት ሳይጠነክር ሰርጎ ይገባል፤ ያን ጊዜ ብዙ ፍሬ ይረግፋል። የተረፈው እጭ በአጥንቱ ውስጥ ያለውን ዘር እየበላ ያድግና በመስከረም ዘንጉ ሥር በስቶ ይወጣል። ፍሬው ከዘንጉ ጋር የነበረው ማያያዣ ስለሚበጠስ ሁለተኛው መርገፍ ይከተላል። ሌላዋ ተባይ፣ የወይራ ዝንብ፣ በእጭነቷ የፍሬውን ሥጋ ስትበላ ይህቺኛዋ ዘሩን መርጣለች።

ደረቅ ሐሩር በርካታ እንቁላሎቿን ያደርቃል። መረብ የመሰለ ክንፍ ያላቸው አረንጓዴ በራሪ ነፍሳት እጮችም እንቁላሎቿን ይመጥጧቸዋል። አጌኒያስፒስ የተባለች ደቃቅ ጥገኛ ተርብ ደግሞ በእራቷ እንቁላል ውስጥ አንድ እንቁላል ትጥላለች፤ ያ አንዱ ተከፋፍሎ ብዙ ተርብ ይሆንና እጩን ከውስጥ ይጨርሰዋል። ባሲለስ ቱሪንጂየንሲስ የተባለውን ባክቴሪያ የሚረጩ ገበሬዎች በአብዛኛው የሚያነጣጥሩት በአበባው ትውልድ ላይ ነው፤ እጩ አጥንት ውስጥ ከገባ በኋላ የሚረጭ ባክቴሪያ አያገኘውም።