ለጥይት የሚሆን ሰም

አንድ ወዳጄ ከኮሎራዶ ደውሎ «እባክህ ሰው ስታገኝ አንድ ኪሎ ንጹሕ ሰም ላክልኝ» አለኝ። ጧፍ ሊሠራ መስሎኝ የየትኛው ደብር አገልጋይ ሆንክ ብዬ ጠየቅሁት። ሳቀብኝ። ሰሙን የፈለገው ለጥይት ነው።

አሜሪካ ውስጥ የተኮሱበትን ቀለህ ለቅመው፣ እርሳስ አቅልጠው በቅርጽ ማውጫ አረር እያፈሰሱ፣ ባሩዱንም መዝነው ጥይታቸውን ቤታቸው የሚሞሉ አዳኞችና ኢላማ ተኳሾች ብዙ ናቸው። በሕግ አይከለከሉም። እዚህ አገር ያለ ፈቃድ ጥይት መሥራት ወንጀል መሆኑን እንደ ሕግ ተማሪነቴ አስቀድሜ ልናገርና ወደ ነገሬ ልግባ።

እርሳስ ለስላሳ ነው፤ በጥፍር ይጫራል፣ በ327 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይቀልጣል። የጠብመንጃ በርሜል ደግሞ አረሩን የሚያሽከረክሩ ጠመዝማዛ ቦዮች አሉት። ያልተቀባ አረር በዚያ ሲያልፍ ፍቅፋቂውን ብረቱ ላይ ጥሎ ይሄዳል። ፍቅፋቂው እየተደራረበ ሲሄድ ጠብመንጃው ኢላማ ይስታል፤ በርሜሉን ማጽዳትም ራሱን የቻለ ሥራ ይሆናል።

ብዙ ሰው ጥፋቱ የመፋተግ ብቻ ይመስለዋል። የባሰው ጠላት ግን ጋዝ ነው። አረሩ ከቦዩ ከጠበበ የጋለው የባሩድ ጋዝ በጎኑ አፈትልኮ ጠርዙን እየላጠ ከፊት ለፊት በርሜሉ ላይ ይለጥፈዋል። ስለዚህ አረሩ ከቦዩ ስፋት በኢንች አንድ ሺህኛ ያህል እንዲበልጥ ይደረጋል፤ ወገቡ ላይ ያሉት ቀለበቶችም በቅባት ይሞላሉ። ቅባቱ መፋተጉን ይቀንሳል፣ ጋዙንም ይደፍናል። ወዳጄ መጀመሪያ ይህን ሳያውቅ እርሳሱን በአንቲሞኒ አጠንክሮ ነበር፤ በርሜሉ ግን ባሰበት። ምክንያቱም ሲበዛ የጠነከረ አረር በመጠነኛ ግፊት አብጦ ክፍተቱን አይሞላም። በመጠን ያልገጠመን አረር ደግሞ የትኛውም ቅባት አያድነውም። አሁን ግማሽ ሰም፣ ግማሽ ደግሞ አሎክስ የሚባል ከነዳጅ ዘይት የተሠራ ቅባት ይቀላቅላል። ሰም ብቻውን ደራቅ ነው፤ አሎክስ ያለሰልሰዋል።

እኔን ግን የጥይት ቅባት በተነሣ ቁጥር የሚታወሰኝ አንድ የጦር ፍርድ ቤት ነው። የእንግሊዝ ኢስት ኢንዲያ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1857 ለሕንድ ወታደሮቹ ኢንፊልድ የተባለውን ጠብመንጃ ማስተዋወቅ ጀመረ። ጥይቱ ባሩድና አረር የተጠቀለለበት፣ በአረሩ በኩል ቅባት የተነከረ ወረቀት ነው። ወታደሩ ወረቀቱን በጥርሱ ቀዶ ባሩዱን በአፈሙዙ ያፈሳል። ቅባቱ የላምና የአሳማ ስብ ነው የሚል ወሬ ተነዛ። ላም ለሂንዱው ቅዱስ ናት፤ አሳማ ለሙስሊሙ እርም ነው። መንግሥት ወታደሮቹ የመረጡትን ቅባት ራሳቸው እንዲቀቡ፣ በጥርስ መቅደዱም በእጅ እንዲሆን ፈቀደ። የሚያምነው ግን አላገኘም። እንዲያውም ጥርጣሬው ባይኖር ኖሮ ለምን ይለውጡታል የሚል በረከተ።

ሚያዝያ 24 ቀን በሚረት ከተማ 90 ፈረሰኞች ጥይት እንዲቀበሉ ታዘዙ፤ 85ቱ እምቢ አሉ። የሚገርመው የቀረበላቸው ጥይት አወዛጋቢው አልነበረም፤ ሲተኩሱበት የኖሩት የድሮው ነበር። የጦር ፍርድ ቤቱም ይህን ይዞ አብዛኞቹን በ10 ዓመት ከባድ እሥራት ቀጣ። በወረቀት ላይ ፍርዱ እንከን ላይኖረው ይችላል፤ ትእዛዝ ተሰጥቷል፣ ተጥሷል። ነገር ግን ሰዎቹ የፈሩት ጥይቱን ሳይሆን ያቀረበላቸውን እጅ መሆኑን ዳኞቹ አልመዘኑትም ባይ ነኝ። ግንቦት 9 ቀን ጓዶቻቸው ፊት በእግር ብረት ታሰሩ፤ በማግሥቱ ሚረት ነደደች። በ1858 የኩባንያው አገዛዝ አበቃ።

ያ ኢንፊልድ እኛም ደጅ ደርሷል። ከበስተኋላው እንዲጎርስ ተደርጎ ሲለወጥ ስናይደር ተባለ፤ በእኛ አፍ ሰናድር። በ1868 ከናፒየር ጋር መቅደላ የወጡት የእንግሊዝ ወታደሮች የያዙት ይህንኑ ነው። አብረዋቸው የመጡት ሕንዶች ግን በአፈሙዙ በሚጎርሰው ነበር የሚዋጉት፤ ከ1857 በኋላ እንግሊዝ አዲሱን መሣሪያ ለእነሱ መስጠት ፈርታ ነበር። የሰናድር አረር ቀለበቶች በንብ ሰም ይሞሉ ነበር። ዐድዋ ላይ አባቶቻችን የተኮሱበት ውጅግራም እርሳሱ በወረቀት የተጠቀለለ፣ ከአረሩና ከባሩዱ መካከልም የቅባት ውታፍ ያለው ነበር።

ሰሙን ከመርካቶ ገዝቼ ላክሁለት። ሲያቀልጠው ቤቱ ቤተ ክርስቲያን ቤተ ክርስቲያን እንደሸተተው ነገረኝ።