በረንዳና ውል፦ የአዲስ አበባ ቤት አሠራር ከደቦ ወደ ኮንትራት የተሻገረበት መንገድ

በረንዳ ማለት ከቤቱ ግድግዳ ውጭ ሆኖ ከክዳኑ ሥር የሚውል፣ ቢያንስ በአንድ ወገን ክፍት የሆነና በቋሚ እንጨቶች ወይም በዓምዶች የተደገፈ የቤት ክፍል ነው። ቃሉ የሕንድ ውቅያኖስ ንግድ ቃል ነው፤ በፖርቱጋልኛም በሂንዲም በድምፅና በትርጉም የሚቀራረበው አቻ አለው፤ የትኛው ከየትኛው እንደ ተዋሰ የቋንቋ ሊቃውንት ሲከራከሩበት ኖረዋል። አማርኛ ግን ቃሉን ከተቀበለ በኋላ ፈጽሞ የራሱ አድርጎታል። በአዲስ አበባ መርካቶ እህል በረንዳ፣ በርበሬ በረንዳና ጎጃም በረንዳ የሚባሉት ሠፈሮች የንግድ ቦታ ስም ናቸው፤ መጠለያ አጥቶ በሰው ደጅ የሚያድር ሰውም «በረንዳ አዳሪ» ይባላል። አንድ የባዕድ ቃል የገበያ ስምም የችግረኛ መጠሪያም እስኪሆን ድረስ ሥር የሰደደው፣ ነገሩ ራሱ በከተማው ኑሮ ውስጥ ትልቅ ስፍራ ስለ ያዘ ነው። ይህ ጽሑፍ የሚከተለው ግን የበረንዳን ጌጥ ሳይሆን የበረንዳን ውል ነው፤ ምክንያቱም ተራው የከተማ ነዋሪ በራሱና በጎረቤቱ ጉልበት ሊጨርሰው ያልቻለው፣ አስቀድሞ ወጪውን አስልቶ ባለ ሙያ ለመቅጠር የተገደደበት የቤት ክፍል ከሁሉ በፊት በረንዳ ይመስላል።

ከዚያ በፊት በደጋው አገር ቤት የሚሠራው በደቦ ነበር። ደቦ፣ በአንዳንድ አካባቢ ጅጌ የሚባለው፣ ባለ ሥራው ጎረቤቶቹንና ዘመዶቹን ጠርቶ በአንድ ወይም በጥቂት ቀን ከባዱን ሥራ የሚያስጨርስበት ልማድ ሲሆን፣ ወንፈል ደግሞ ጉልበት በጉልበት የሚመለስበት የመተካካት ሥርዓት ነው። ክቡን የሣር ቤት ለመሥራት ወንዶች ጉድጓድ ይቆፍራሉ፣ ቋሚውን ይተክላሉ፣ ማገሩን በልጥ ያስራሉ፤ ጭድ የገባበት ጭቃ ይቦካና ግድግዳው ይመረጋል፤ በመጨረሻም ክዳን የሚያውቅ ሰው ሣሩን ይከድናል። የባለቤቱ ወጪ ድግሱ ነበር፤ ጠላው መጠመቁን፣ እንጀራው መብቃቱን አስቀድሞ ማረጋገጥ ዛሬ በጀት የሚባለውን ነገር ይተካ ነበር። ዕቅድም ቢሆን በወረቀት የሚሰፍር አልነበረም፤ የቤቱ መጠን በክንድና በእርምጃ ይለካል፣ ቅርጹ ሁሉም ሰው በልቡ የሚያውቀው ስለ ሆነ በሠሪና በአሠሪ መካከል ክርክር የሚያስነሣ ነገር ጥቂት ነበር።

ይህ ማለት ግን ባለ ሙያ ቀጥሮ ማሠራት በአገሩ አይታወቅም ነበር ማለት አይደለም። በጎንደር ዘመን ለነገሥታቱ ሕንፃ ከሠሩት ግንበኞችና አናጢዎች መካከል ቤተ እስራኤሎች ይገኙ ነበር፤ ከእነርሱም አንዳንዶቹ ስለ ሙያቸው ማዕረግና መሬት አግኝተዋል። ቤተ ክርስቲያንም የራሷን ቅርጽ ይዛ ቆይታለች፤ በጣና ዙሪያ እንደሚታዩት ያሉ ክብ ቤተ ክርስቲያኖች ከቅኔ ማኅሌቱ ግድግዳ ውጭ የክዳኑን ከንፈር የሚሸከሙ የእንጨት ቋሚዎች ረድፍ አላቸው፤ ምእመናን ከዝናብና ከፀሐይ ተጠልለው የሚቆሙበት ይህ ዙሪያ ስሙ በረንዳ ባይባልም በአገልግሎቱ በረንዳ ነበር። ስለዚህ የአዲስ አበባ ሰው ባለ በረንዳ ቤት ሲያይ ፈጽሞ እንግዳ ነገር አላየም፤ ከቤተ እግዚአብሔር ያውቀው የነበረውን ጥላ በመኖሪያ ቤት ላይ አገኘው እንጂ።

አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ስትቆረቆር ቤቶቿ አብዛኞቹ የሣር ጎጆዎችና ድንኳኖች ነበሩ። በሚቀጥሉት ዓመታት፣ በተለይም በ1888 ዓ.ም. ከአድዋ ድል በኋላ፣ የውጭ አገር መልእክተኞች፣ ነጋዴዎችና የእጅ ባለ ሙያዎች ወደ ከተማዋ በብዛት ገቡ። ከእነርሱ መካከል በግንባታ ረገድ ከፍ ያለ ሚና የነበራቸው ሕንዶችና አርመኖች ሲሆኑ፣ ከ1871 ዓ.ም. ጀምሮ በምኒልክ አገልግሎት የነበረው የስዊስ ተወላጅ መሐንዲስ አልፍሬድ ኢልግም በቤተ መንግሥቱ ሥራ ተሳትፏል። ሕንዶቹ በባሕር ዳር ከተሞች የለመዱትን ዙሪያውን በእንጨት በረንዳ የታቀፈ ቤት ይዘው መጡ፤ አርመኖቹም ከኦቶማን ከተሞች የሚያውቁትን፣ ከግድግዳ ወጣ ብሎ የሚንጠለጠለውን ሰገነት ጨመሩበት። አዲስ አበባ ላይ ሁለቱ ከአገሬው የጭቃ ግድግዳ ጋር ተጋቡ፤ ዛሬ የምኒልክ ዘመን አሠራር የሚባለው የዚህ ጋብቻ ልጅ ነው።

እዚህ ላይ ዘግየት ብሎ ማየት የሚገባ አንድ ነገር አለ። በረንዳ በትውልዱ የሞቃት አገር ክፍል ነው፤ ሥራውም ከፀሐይ መከለል ነው። አዲስ አበባ ግን ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የምትገኝ፣ ክረምቷ ከሰኔ እስከ መስከረም ብርቱ ዝናብ የሚወርድባት ከተማ ናት። እንዲህ ባለ አገር የጭቃ ግድግዳ ዋና ጠላቱ ውኃ ነው፤ ከላይ የሚመታው ብቻ ሳይሆን ከመሬት ተፈናጥሮ የግድግዳውን እግር የሚያጥበው ጠብታ ምርጊቱን ያረግፋል፣ ውስጡ ያለውን እንጨት ያበሰብሳል፣ ለምስጥም በር ይከፍታል። በረንዳው ክዳኑን ከግድግዳው ጥቂት ክንዶች በማራቁ ይህን ሁሉ ጉዳት ከግድግዳው ላይ አንሥቶ ወደ ራሱ ቋሚዎች አዛወረው፤ ቋሚ ደግሞ ቢበሰብስ ለብቻው ይለወጣል። ባለ በረንዳ የጭቃ ቤቶች መቶ ዓመት ሊደፍኑ የቻሉበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው። ስለዚህ በረንዳውን የመኳንንት ጌጥ ብቻ አድርጎ መቁጠር ስሕተት ነው፤ የቤቱ ጃንጥላ ነበር።

ቢሆንም ጃንጥላው ርካሽ አልነበረም። የመጀመሪያው እንቅፋት እንጨት ነበር። በእንጦጦና በአዲስ አበባ ዙሪያ የነበረው የጥድ ደን በማገዶና በቤት ሥራ ምክንያት በፍጥነት ስለ ተመናመነ፣ ዋና ከተማውን ወደ አዲስ ዓለም የማዛወር ሐሳብ እስከ መነሣት ተደርሶ ነበር። ከ1887 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ የገባው ባሕር ዛፍ ከተማዋን በቦታዋ አጸናት፤ ነገር ግን ባሕር ዛፍ ለበረንዳ የሚሆነው በከፊል ነው። ቀጥ ብሎ በቶሎ ስለሚያድግ ለአጣና፣ ለማገርና ለወራጅ ተስማሚ ሲሆን፣ ሳይደርቅ ከተሠራበት ይጣመማል፣ ይሰነጠቃል፣ መሬት ከነካም ፈጥኖ ይበሰብሳል። ዐዋቂ አናጢ የበረንዳውን ቋሚና መከታ ከጥድ ወይም ከሌላ ጽኑ እንጨት ይሠራ ነበር፤ ቋሚውንም በቀጥታ መሬት ውስጥ በመቅበር ፈንታ በተጠረበ ድንጋይ ላይ ያቆመው ነበር። ሁለተኛው እንቅፋት ክዳኑ ነበር። ቆርቆሮ ከባሕር ማዶ የሚመጣ ዕቃ ሲሆን፣ የጅቡቲው ባቡር በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ እስኪደርስ፣ ከዚያም በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ እስኪገባ ድረስ መንገዱን ሁሉ ወይም ከፊሉን በግመልና በበቅሎ ጀርባ ይጓዝ ነበር። ቆርቆሮ በተወሰነ ልክ ተቆርጦ ስለሚሸጥም ርዝመቱ ራሱ ለበረንዳው ጥልቀት ገደብ ሆነ፤ አንድ ክንድ ልጨምር ያለ ሰው ሌላ ረድፍ ቆርቆሮ፣ ከሥሩም ሌላ ወራጅ መግዛት ነበረበት። አሠሪው ከመጀመሩ በፊት መቁጠርን የተማረው ከዚህ የተነሣ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ደቦ ለዚህ ሥራ አልበቃም። መቶ ሰው ቢጠራ መጋዝ የሚይዘው፣ እንጨት ከእንጨት በጥርስ የሚያጋጥመው፣ በክዳኑ ጠርዝ ላይ የሚሰቀለውን ጣውላ እንደ ጥልፍ ፈልፍሎ የሚያወጣው አንድ ወይም ሁለት ሰው ነው፤ ያም ሰው ጎረቤት ሳይሆን ደመወዝ የሚጠብቅ ባለ ሙያ ነው። በዚህ ምክንያት ዛሬም በግንባታ ሰፈር የሚሰሙት የቅጥር ዓይነቶች ተደላደሉ። አንደኛው «በቀን» የሚባለው ሲሆን፣ ሠራተኛው በዋለበት ቀን ልክ ይከፈለዋል፤ ሁለተኛው «በቁርጥ» ነው፤ ይኸውም ሥራው ሁሉ በአንድ በተወሰነ ዋጋ የሚሰጥበት ነው፤ ሦስተኛው «የእጅ ዋጋ» ነው፤ በዚህም አሠሪው ዕቃውን ራሱ ገዝቶ ሲያቀርብ ሠሪው የሙያውን ብቻ ይቀበላል። እያንዳንዱ የራሱ አደጋ አለው፤ በቀን የተቀጠረ ሥራውን ሊያዘገይ፣ በቁርጥ የያዘ ሥራውን ሊያጣድፍና ከዕቃው ሊቆጥብ፣ በእጅ ዋጋ የገባ ደግሞ የሌላውን ሰው እንጨት ያለ ርኅራኄ ሊቆርጥ ይችላል። መተማመኛው ቀብድና ዋስ ነበር። ቀብድ ስምምነቱን ለማጽናት አስቀድሞ የሚሰጥ ገንዘብ ሲሆን፣ ዋስ ደግሞ ሠሪው ቢጠፋ ወይም ቢያጓድል የሚጠየቅ ሰው ነው፤ ስለ ዋስትና ፍትሐ ነገሥትም የሚደነግግ በመሆኑ አዲሱ የከተማ ውል የቆመው በቆየ የሕግ መሠረት ላይ ነበር።

በረንዳ ላይ ገንዘብ ለማፍሰስ ግን ከሙያና ከዋስ ሌላ የቦታው ባለቤትነት መረጋገጥ ነበረበት። ቦታው ነገ ሊወሰድ የሚችል ሰው የሚነቀል ጎጆ እንጂ ድንጋይ የተሸከመው ቋሚ አይተክልም። በ1900 ዓ.ም. ገደማ የወጣው የአዲስ አበባ የቦታ ደንብ ነዋሪው በቦታው ላይ የታወቀ መብት እንዲኖረው፣ እንዲሸጥና እንዲያስተላልፍም በር ከፈተ፤ ከዚህም በኋላ ጽኑ ቤቶች በረከቱ። በ1898 ዓ.ም. የተመሠረተው ጣይቱ ሆቴል፣ በጉለሌ የሚገኘው በእንጨት ሥራው የታወቀው የሼክ ሆጀሌ ቤት፣ ከብዙ ዘመን በኋላ የአዲስ አበባ ሙዚየም የሆነው የራስ ብሩ ወልደ ገብርኤል ቤት፣ እንዲሁም አርመናዊው መሐንዲስ ሚናስ ኸርበኪያን በራስ መኮንን ድልድይ አካባቢ የሠራው የራሱ መኖሪያ የዚህ ዘመን ምስክሮች ናቸው። በሐረርም ሕንድ ነጋዴዎች ያሠሯቸው ባለ እንጨት ሰገነት ቤቶች ይታያሉ፤ በባለቅኔው በራምቦ ስም የራምቦ ቤት የሚባለው ሕንፃም ባለቅኔው ከሞተ በኋላ በሕንድ ነጋዴ የተሠራ ነው።

የ1928 ዓ.ም. የጣሊያን ወረራ በአምስት ዓመት ውስጥ የበረንዳውን ዕቃም የባለ ሙያውንም ቋንቋ ለወጠ። በድሬዳዋ የሲሚንቶ ፋብሪካ ቆመ፤ የእንጨት ቋሚ በአርማታ፣ የጣውላው ወለል በሊሾ ይተካ ጀመር። አርማታ በብረት የተጠናከረ ኮንክሪት፣ ፌሮ በውስጡ የሚገባው ብረት፣ ሊሾ ደግሞ ለስልሶ የተጠረገ የሲሚንቶ ወለል ሲሆን፣ ሦስቱም ከጣሊያንኛ የቀሩ ቃላት ናቸው፤ የቀን ሠራተኞችን የሚያዝዘው ካቦም እንደዚሁ። የወረራው ዘመን በዘርና በጭቆና ላይ የተመሠረተ እንደ ነበረ አይዘነጋም፤ በሥራው ሰፈር በጉልበት የዋሉት ኢትዮጵያውያን ግን ሙያውን ተምረው፣ ከነፃነት በኋላ ሥራውን በራሳቸው ኃላፊነት የሚይዙ ተቋራጮች ከመካከላቸው ወጥተዋል።

ሕጉ ይህን የሥራ ውል ልማድ ዘግይቶ ደረሰበት። በ1952 ዓ.ም. የታወጀው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 2610 የሥራ ውልን ሲተረጕም፣ ሠሪው አንድ የታወቀ ውጤት በራሱ ኃላፊነት ለማስገኘት፣ አሠሪውም ዋጋውን ለመክፈል የሚገቡበት ግዴታ መሆኑን ገለጸ፤ በቁጥር 3039 ደግሞ የማይንቀሳቀስ ንብረት የሠራ ተቋራጭ ሥራው በሚገባ ለመፈጸሙና ለጥንካሬው ከርክክቡ ጀምሮ ለ10 ዓመት ዋስ እንዲሆን አደረገ። ከአናጢው ጀርባ ይቆም የነበረው ሽማግሌ ዋስ በሕግ ቃል ተተካ። ብዙ አሠሪዎች ግን እስከ ዛሬ በቃል ብቻ ተስማምተው ቀብድ ይሰጣሉ፤ የሚያጣላውም ብዙውን ጊዜ ዋጋው ሳይሆን «በረንዳው ወለሉንና ቀለሙን ይጨምራል ወይስ አይጨምርም» የሚለው ያልተጻፈ ነገር ነው። የተጻፈ የዕቃና የሥራ ዝርዝር ይህን ጠብ ከሥሩ እንደሚያደርቀው የሙያው ታሪክ በሙሉ ይመሰክራል።

በ1967 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታና ትርፍ ቤቶች የመንግሥት ሲሆኑ የአሮጌዎቹ በረንዳዎች ዕጣ ተለወጠ። አንድ ቤተሰብ ይኖርባቸው የነበሩ ቤቶች ለብዙ ተከራዮች ተከፋፈሉ፤ ጥበቱ ያስጨነቀው ነዋሪ በረንዳውን በጭቃ፣ በጣውላ ወይም በቆርቆሮ ዘግቶ መኝታ ወይም ማድ ቤት አደረገው። በዚህ የተቸገረውን ሰው መውቀስ አይገባም፤ ግድግዳው ግን ጃንጥላውን አጣ፤ ዝናቡም በረንዳው ከልክሎት የነበረውን ማድረግ ጀመረ። ከ1990ዎቹ አጋማሽ በኋላ በተሠሩት የጋራ መኖሪያ ቤቶች በረንዳው ጠብቦ ልብስ ማስጫና የከሰል ምድጃ ማኖሪያ ሆኗል። ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ በኮሪደር ልማት ሥራ በፒያሳና በአካባቢው ከነበሩት አሮጌ ቤቶች ብዙዎቹ ፈርሰዋል።

የቀሩት በቁጥር ጥቂት ናቸው፤ አናጢነታቸውንም የሚያውቁ እጆች እየተመናመኑ ነው። በእጁ እንዲህ ያለ ቤት የሚገኝ ሰው፣ የቤቱን ዕድሜ የሚወስን መሥሪያ ቤት፣ የሕንፃ ጥበብ የሚያስተምር መምህር ሁሉ ሌላ ቢያቅተው እንኳ አንድ ነገር ያድርግ፤ በረንዳው ከመፍረሱ በፊት ቋሚዎቹን ይቁጠር፣ የእንጨቱን ዓይነት ይመዝግብ፣ መጋጠሚያውን ይለካ፣ ፎቶግራፉን ያንሣ፣ ከቤቱ ጋር የቆየ የሥራ ውል ወይም የክፍያ ወረቀት ቢገኝም አይጣል።