ከደቻቱ በላይ ያለው የሥዕል አዳራሽ



ስለ ድሬዳዋ አካባቢ ሠዓሊዎች እንድናገር ስጋበዝ፣ ከከዚራ ወይም ከመጋላ ግድግዳዎች እንደምነሣ የጠበቃችሁ ትኖራላችሁ። እኔ የምነሣው ግን ስማቸውን ማንም ከማያውቀው ሰዎች ነው። የባቡሩ ሐዲድ ከጅቡቲ ጠረፍ ተነሥቶ እዚህ የደረሰው እ.ኤ.አ. በ1902 ሲሆን፣ ከተማዋም ከእርሱ ጋር ተወለደች። ከከተማዋ በስተደቡብ፣ ከደቻቱ ሸለቆ በላይ፣ በኖራ ድንጋይ ገደል ላይ የተከፈተው ዋሻ ግን በዚያን ጊዜ አርጅቶ ነበር።

ዋሻው በምርምር ጽሑፎች የሚታወቀው «ፖርክ ኤፒክ» በሚል የፈረንሳይኛ ስም ነው፤ ጃርት ማለት ነው። ቴያር ደ ሻርደንና የቀይ ባሕሩ ነጋዴ ሄንሪ ደ ሞንፍሬድ እ.ኤ.አ. በ1929 «አገኙት» ይባላል። ይህን ቃል በጥንቃቄ እንድትሰሙት እለምናለሁ፤ በዚያ ሸለቆ ፍየል የሚያግድ ልጅ መቼም ዋሻውን ሳያይ አልኖረም። ሆኖም ቴያርና ፖል ቬርኔር በ1933 ባደረጉት ቁፋሮ፣ አቤ ብሩይ ደግሞ በግድግዳው ላይ ባሉት ሥዕሎች ባደረገው ጥናት፣ ዋሻው ወደ ዓለም የታሪክ መዝገብ ገብቷል። በ1970ዎቹ እነ ዴዝሞንድ ክላርክ ቁፋሮውን ቀጠሉ።

ከዚያ አፈር ውስጥ ከወጣው ሁሉ እኔን የሚያስደንቀኝ ቀዩ የቀለም ድንጋይ ነው። 4,213 ቁራጭ፣ ክብደቱ 40 ኪሎ ግራም ያህል፣ ዕድሜውም ወደ 40,000 ዓመት የሚጠጋ! ሰዎቹ ፈጭተውታል፣ ፍቀውታል። ከመፍጫዎቹ ጋር የተገኘ አንድ ክብ ድንጋይ ግማሽ ጎኑ በቀለም ፈሳሽ ተነክሯል፤ ተመራማሪዎች ምናልባት እንደ ማኅተም አገልግሏል ይላሉ። ከ400 በላይ የቀንድ አውጣ ክዳኖችም ከዚያው ተገኝተዋል፤ መሐላቸው የተበሳ በመሆኑ ዶቃ ሳይሆኑ አይቀሩም።

እዚህ ላይ ስሕተቴን ልናዘዝ። ለዓመታት ለተማሪዎቼ «የድሬዳዋ ሥዕሎች 40,000 ዓመት አላቸው» እል ነበር። ይህ የቀለሙን ዕድሜ ለሥዕሉ መስጠት ነው። ከወለሉ የወጣው ድንጋይና በግድግዳው ላይ ያለው ምስል የአንድ ዘመን ሰዎች ሥራ ለመሆናቸው ማስረጃ የለም። ቀዩ ቀለም የብረት ዝገት ነው፤ ካርቦን ስለሌለው በተለመደው የካርቦን ዘዴ ራሱ አይለካም። ስለዚህ ዘመኑን የሚጠቁመን የተሣለው ነገር ነው።

ለዚህ ከድሬዳዋ በስተደቡብ ምዕራብ የሚገኘው ለጋ ኦዳ ይረዳናል። በዚያ የዐለት መጠለያ በርካታ መቶ ምስሎች አሉ፤ ከመካከላቸው ሻኛ የሌላቸው ባለ ረጅም ቀንድ ከብቶች ጎልተው ይታያሉ። ላም የሣለ ሰው ላም ያውቃል። ለማዳ ከብት ወደ አፍሪካ ቀንድ ከገባ ደግሞ ጥቂት ሺህ ዓመታት ቢሆነው ነው። እንግዲህ እነዚህ ሠዓሊዎች አርብቶ አደሮች ነበሩ፤ የሚኮሩበትንም ሀብት በዐለት ላይ ትተዋል። ለእኔ ይህ ከ40,000ው ቁጥር አያንስም፤ እንዲያውም ይቀርበኛል።

የሚያሳስበኝ ግን ጊዜው ነው። የፖርክ ኤፒክ ሥዕሎች ከወዲሁ እጅግ ደብዝዘዋል። የእሳት ጢስ፣ ከዐለት የሚወርድ ውኃ፣ ግድግዳውን የሚዳስስ የጎብኚ እጅ፣ ሁሉም ከምስሉ ላይ ይወስዳሉ። መልኩ ብቻ ስለ ዘመኑ የሚነግረን ሥዕል ከደበዘዘ፣ ምስክሩም አብሮ ይሄዳል። ተማሪዎቼን ከሰነድ አስቀድመው ካሜራና መለኪያ ይዘው እንዲወጡ የምጎተጉተው ለዚህ ነው፤ አቀበቱ ከባድ ነው ብለው ሲያማርሩኝም እሰማለሁ።

አሁን መብራቱን ቢያጠፉልን፣ የለጋ ኦዳን ላሞች ከቀንዳቸው ጀምረን እናያለን።