የተቋረጠው ምኑ ነው? መሬት፣ መንግሥትና የታሪክ አከፋፈላችን

የዘመናዊቷን ኢትዮጵያ ታሪክ አብዛኞቻችን የምንከፋፍለው በመንግሥታት ነው፤ የንጉሡ ዘመን፣ የደርግ ዘመን፣ የኢሕአዴግ ዘመን። በየመካከሉ መሥመር እናሰምርና ከመሥመሩ ወዲህና ወዲያ ያለውን የተለያየ ዓለም አድርገን እንወስደዋለን። ይህ አከፋፈል ለትረካ ይመቻል፤ ለፖሊሲ ክርክር ግን ብዙ ጊዜ ያሳስታል። መንግሥት የተቋረጠበት ቀንና የገበሬው ኑሮ የተለወጠበት ቀን አንድ ላይሆኑ ይችላሉና።

አስቀድመን ቃሉን እናጥራ። በሒሳብ ያልተቋረጠ የሚባለው፣ በቀላል አነጋገር፣ እርሳስን ከወረቀት ሳያነሡ የሚሳል መሥመር ነው። ያልተቋረጠ መሥመር ግን የግድ ቀጥ ያለ አይደለም፤ ሳይቋረጥ በድንገት ሊታጠፍ ይችላል። ስለዚህ ዝላይ፣ እጥፋትና ባለበት መቀጠል ሦስት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። የኢኮኖሚ ታሪክ ምሁሩ አሌክሳንደር ገርሸንክሮን እ.ኤ.አ. በ1962 ባሳተመው ጽሑፍ፣ በታሪክ ውስጥ «ቀጣይነት» የሚለው ቃል በርካታ ትርጉሞችን እንደሚሸከም አሳይቷል፤ የአቅጣጫ አለመለወጥ አንዱ ሲሆን የለውጥ ፍጥነት አለመዋዠቅ ሌላው ነው።

ይህን ልዩነት ይዘን የገጠር መሬትን እንመልከት (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች በኢትዮጵያ አቆጣጠር ናቸው)። የካቲት 25 ቀን 1967 የወጣው አዋጅ ቁጥር 31 እውነተኛ ዝላይ ነበር። መሬት መሸጥ፣ ማከራየትና በዕዳ ማስያዝ ተከለከለ፤ የአንድ ቤተሰብ ይዞታ ከ10 ሄክታር እንዳይበልጥ ተወሰነ፤ የባለመሬትና የጭሰኛ ግንኙነት ፈረሰ። የዝላዩ መጠን ግን በየአካባቢው ይለያይ ነበር። በደቡብ ከምርቱ እርቦ፣ ሲሶ ወይም እኩል ለባለመሬት ሲከፍል ለኖረው ጭሰኛ፣ አዋጁ ያን ሸክም በአንድ ጊዜ አወረደለት። በሰሜኑ የርስት አገር ግን አብዛኛው ገበሬ በትውልድ ሐረጉ ባለ ርስት ስለነበር፣ ከሁሉ በላይ የቀረበት በአያት በቅድመ አያት ስም መሬት የመጠየቅ መብት ነው።

ግንቦት 20 ቀን 1983 በሥልጣን ታሪክ ትልቅ መቋረጥ ነው። የመሬት ሥሪቱ ግን አልተቋረጠም። እንዲያውም ኅዳር 29 ቀን 1987 የጸደቀው ሕገ መንግሥት፣ በአንቀጽ 40፣ መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ብቻ እንደሆነና እንደማይሸጥ እንደማይለወጥ ደነገገ። በደርግ አዋጅ የቆመው መርህ በተተኪው እጅ ወደ ሕገ መንግሥት ከፍ አለ። በአንጻሩ የእህል ገበያው የተለወጠው መንግሥት ከመለወጡ ከአንድ ዓመት በላይ ቀድሞ ነው። በየካቲት 1982 ደርግ ራሱ ቅይጥ ኢኮኖሚ ሲያውጅ የእህል ኮታ ቀረ፤ የአምራቾች ኅብረት ሥራ ማኅበራትም ወዲያው በአባሎቻቸው ይፈርሱ ጀመር።

ሦስተኛው ዓይነት እጥፋቱ ነው። ከ1990 ጀምሮ በትግራይ፣ ከዚያም በሌሎች ክልሎች፣ የገበሬዎች ይዞታ እየተመዘገበ የምስክር ወረቀት ይሰጥ ጀመር። የባለቤትነት ሕጉ አልተነካም። ሆኖም በአማራ ክልል የተደረጉ ጥናቶች፣ ወረቀቱን ያገኙ ገበሬዎች በአፈርና ውሃ ጥበቃ ላይ ይበልጥ እንደሠሩ አሳይተዋል። መሥመሩ ሳይቋረጥ አቅጣጫው ታጠፈ።

ይህ የቃላት ጨዋታ አይደለም። ከ1983 በፊትና በኋላ ያለውን የእህል ምርት እያነጻጸረ ልዩነቱን ሁሉ ለመንግሥት ለውጥ የሚሰጥ ሰው፣ የ1982ን ውጤት በሌላ ሒሳብ ላይ እየጻፈ ነው። «ከ1967 ወዲህ ምንም አልተለወጠም» የሚል ደግሞ እጥፋቱን አላየም። መሬት ወደ ግል ይዞታ «ይመለስ» ለሚል ወገንም ጥያቄው ይከብዳል። ወደ የትኛው? ከ1967 በፊት የነበረው አንድ ሥሪት አልነበረም፤ ርስትም ጭሰኝነትም ነበር። የዛሬው ባለይዞታም በአመዛኙ የቀድሞው ባለመሬት ወራሽ አይደለም። ስለዚህ የግል ባለቤትነት፣ ቢመጣ፣ ተቋርጦ የነበረን መሥመር መቀጠል ሳይሆን አዲስ ዝላይ ነው፤ ክርክሩም እንደ አዲስ ዝላይ ሊመዘን ይገባዋል፦ ማን ያተርፋል፣ ማን ይከፍላል፣ ደካማው ገበሬ በችግር ዓመት መሬቱን እንዳይሸጥ ምን ይጠብቀዋል?